ረቡዕ ገመዱን የሚይዘው ማን ነው

እትዬ የሻረግ እጃቸውን የሰበሩት ሰላምታ ሲሰጡ ነው። ይህን ሳወራ ሰው ይስቃል፤ እሳቸውም ይስቃሉ፤ ነገሩ ግን እውነት ነው። ስትሪትሃም ዋናው መንገድ ላይ ከባስ ሲወርዱ፣ ለሾፌሩ እጃቸውን ለማንሳት ዞር አሉና እግራቸው የመንገዱን ጠርዝ ሳተው። በቀኝ እጃቸው አንጓ ላይ ወደቁ። ሾፌሩ ደንግጦ ወርዶ ሲያነሳቸው፣ «ይቅርታ ልጄ፣ ሥራ አስፈታሁህ» አሉት።

እትዬ የሻረግ የእናቴ የአክስት ልጅ ናቸው። ለንደን የመጡት ሁለተኛ ልጄን ማኑሄን ስወልድ ሊያርሱኝ ነበር። እናቴ ቪዛ ተከለከለች። ባለቤቴ ልዑልቃል ሂትሮው የሠራተኛ ባስ ነው የሚነዳው፤ ሺፍቱ አንድ ሳምንት ሌሊት፣ አንድ ሳምንት ቀን ነው። ትልቋ ልጄ ዳናዊት ገና አራት ዓመቷ ነው። የወለድኩት በኦፕሬሽን ስለነበር ከአልጋ ለመነሳት እንኳ ደጋፊ ያስፈልገኝ ነበር። እትዬ የሻረግ ይህንን በስልክ ሲሰሙ፣ «በሚቀጥለው መርከብ እወጣለሁ» አሉ፤ ወጡም።

መርከብ ያሉት ለቀልድ አይደለም። የሚኖሩት ስኮትላንድ ጫፍ፣ ባሕር መሀል ባለች ትንሽ ደሴት ላይ ነው። ስሟን አፌ እስካሁን አልለመደውም፤ እሳቸው ሲጠሯት ጉሮሯቸውን የሚጠርጉ ይመስላሉ። ሠላሳ ምናምን ሰው ይኖርባታል፤ በጉን ግን የቆጠረው የለም። ድሮ፣ እዚሁ ለንደን፣ ሰቨን ሲስተርስ አካባቢ አንዲት አሮጊት ያስታምሙ ነበር። አሮጊቷ የዚያች ደሴት ተወላጅ ነበሩና «አገሬ ወስደሽኝ ልሙት» አሏቸው። ለጥቂት ሳምንት ብለው ይዘዋቸው ሄዱ። አሮጊቷ የባሕሩ አየር ተስማማቸውና ስድስት ዓመት ኖሩ፤ ሲሞቱም ቤቱን ተናዘዙላቸው።

«ስድስት ዓመት ሙሉ ሻንጣዬን አልፈታሁም ነበር» ይላሉ እትዬ የሻረግ። «ኋላ ድመቷ ሻንጣው ውስጥ ወለደችበት። በዚያው ቀረሁ።»

እኛ ቤት እንደገቡ መጀመሪያ የተጣላነው በበር ቁልፍ ነው።

«ምን ሆነሽ ነው የምትቆልፊው? ሰው ቢመጣስ?»

«ሰው እንዳይመጣ ነዋ፣ እትዬ።»

እሳቸው አገር በር አይቆለፍም፤ ጎረቤት ሳያንኳኳ ይገባል። የሚያንኳኳ ከመጣ ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ ክፉ ወሬ ይዟል። ጠዋት ከአንዱ ቤት ጭስ ካልወጣ፣ ያየው ሰው ሥራውን ትቶ ሄዶ ያያል። የመኪና ቁልፍ መኪናው ላይ ይቀራል፤ የቸኮለ ይነዳዋል፣ ነዳጅ ሞልቶ ይመልሳል። እንግዲህ እዚያ የኖሩ ሰው ሳምንት ሳይሞላቸው ፊት ለፊታችን ያለችውን ፖላንዳዊት ሽንኩርት ለመኗት። አራት ዓመት አንድ ኮሪደር ተጋርተን ስሟን አላውቅም ነበር። በማግስቱ እሷ ኬክ ይዛ መጣች። አሁን እኔ ስቸገር ዳናዊትን ከነርሰሪ የምታመጣልኝ እሷ ናት።

ነፋስ ከነፈሰ ደግሞ አያድርስ ነው። በመስኮት ያዩና ልዑልቃልን «ሂድ፣ ወተትና ዱቄት ግዛ፤ ነገ የሚመጣ መርከብ የለም» ይሉታል።

«እትዬ፣ ሱቁ እኮ ከፎቁ ሥር ነው።»

«ሱቁማ አለ። ወተቱ በምን ይመጣል?»

ልዑልቃል ይወርዳል። ቁም ሳጥናችን በዱቄት ተሞላ።

አማርኛቸውም ከአገር በወጡበት ዘመን ቆሞ ቀርቷል። ካውንስሉን «ቀበሌው» ነው የሚሉት። የደሴቷ ሰዎች የሚሰበሰቡበትም አዳራሽ «ቀበሌ» ነው። እዚያ አንድ ሰው አንድ ሥራ ብቻ አይኖረውም። ፖስታ የምታድለው ሴት የእሳት አደጋ መኪናውን ትነዳለች። አስተማሪው መብራት ይጠግናል። እትዬ የሻረግ ሦስት ተማሪ ላለው ትምህርት ቤት ምሳ ያበስላሉ፤ በጸደይ ከሰው ጋር ወጥተው ለማገዶ የሚሆነውን የረግረግ አፈር ይቆርጣሉ፤ በግ ሲሸለት በግ ይይዛሉ። ከሁሉም በላይ ግን የሚኮሩበት የመርከቡን ገመድ መያዛቸው ነው። መርከቧ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ረቡዕና ቅዳሜ ትመጣለች፤ ነፋሱ ከፈቀደ። ስትደርስ ከላይ ቀጭን ገመድ ይወረወራል፤ ያንን ቀልቦ፣ ከኋላው የተያያዘውን ወፍራም ገመድ ስቦ፣ ማቆሚያው ላይ የተተከለው የብረት ጉቶ ላይ ማጥለቅ ነው። ለዚህ የሠለጠኑ ሁለት ሰዎች መሬት ላይ ካልቆሙ መርከቧ አትጠጋም። ሁለቱ ሰዎች እትዬ የሻረግና ሩሪ የሚባል ዓሣ አጥማጅ ነበሩ።

እንግዲህ የተሰበረው ያ እጅ ነው። እኔን ብለው መጥተው።

ጀሶው ሲወጣ አንጓቸው ሰልሎ ነበር። እጃቸውን የምታሠራቸው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ለስላሳ ኳስ ሰጥታ ይጭመቁ አለቻቸው። እሳቸው ግን የልብስ ማስጫ ገመድ ገዝተው መጡ። ከሰዓት በኋላ ዳናዊት ኮሪደሩ ጫፍ ላይ መርከብ ሆና ትቆማለች፤ «ቡውው» ትልና ትወረውራለች፤ እትዬ ይቀልባሉ፤ ይስቡና የመታጠቢያ ቤቱ በር እጀታ ላይ ያጠልቃሉ። መጀመሪያ ሰሞን ከእጃቸው ሾልኮ ይወድቅ ነበር። ዳናዊት ትቆጣለች፦ «እትዬ፣ እኔ ባሕር ውስጥ ቀረሁ እኮ።»

እሑድ እሑድ ካለም ይደውላል። ካለም ሰማንያን ያለፈ የደሴቷ ሽማግሌ ነው፤ ከእሳቸው በፊት ገመድ ያዡ እሱ ነበር፣ ሥራውን ያስተማራቸውም እሱ ነው። እትዬ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገው ወጥ እየሠሩ ያወራሉ። የማን በግ የማንን ጎመን እንደበላ፣ የማን ጣሪያ እንደተገነጠለ ሁሉ ይሰማናል። አንድ እሑድ ግን ጠየቁት።

«ገመዱንስ ማን ይይዛል?»

«ኢሽብል፣ የሩሪ ሚስት። ሠለጠነች። ጥሩ ሆናለች።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ወጡን ማማሰል ረሱት።

«ጥሩ ሆናለች አለ፤ ሰማሽ?»

«ታዲያ ጥሩ አይደል?»

«ጥሩ ነው» አሉና እሳቱን ቀነሱ። «እዚያ እኮ ሰው የሚያስፈልገው ለሆነ ነገር ነው። ገመድ ካልያዝኩ፣ እኔ እዚያ አንዲት ጥቁር እንግዳ ነኝ፤ ቤት የተናዘዙላት።»

ያን ጊዜ እኔና ልዑልቃል ስንነጋገር የሰነበትነውን አወጣሁት። ሳሎኑ የእርስዎ ነው፤ ልጆቹ ለምደዎታል፤ ሐኪሙም ቤተ ክርስቲያኑም ቅርብ ነው፤ እዚያ ነፋስ ላይ ብቻዎን ምን ያደርጋሉ፣ አልኳቸው። ከልቤ ነበር። ለራሴ ማሰቤንም አልክድም።

«እሺ» አሉኝ። «እጄ ገመድ ካልያዘ፣ ወይ ያለ እኔ ከለመዱት፣ ተመልሼ ሳሎንሽ ውስጥ እተኛለሁ። ግን ሄጄ አይቼ ነው።»

ሻንጣ የሚይዝ እጅ አልነበራቸውምና ማኑሄን አዝዬ አብሬ ሄድኩ። ዳናዊት ከአባቷና ከፖላንዳዊቷ ጋር ቀረች። በባቡር፣ ከዚያ በባስ፣ አንድ ሌሊት አድረን ረቡዕ ጠዋት መርከብ ገባን። ትንሽ መርከብ ናት፤ ካፒቴኑ ገና ከሩቅ አውቋቸው «ወደ ላይ ውጡ፣ ሻይ አለ» አለ። እኔ ሻይ አላሰኘኝም። በማዕበሉ እንዳልወድቅ የመቀመጫውን ጠርዝ ይዣለሁ። ማኑሄ ደረቴ ላይ ተኝቷል፤ እትዬ የሻረግ ኩባያቸውን ይዘው ፊት ለፊት ያያሉ።

ደሴቷ መጀመሪያ ግራጫ፣ ከዚያ አረንጓዴ ሆነች። ስንጠጋ የደሴቷ ሰው በሙሉ መርከብ ማቆሚያው ላይ ወጥቶ ቆሟል። አንሶላ ላይ ስማቸውን ጽፈው ይዘዋል፤ ነፋሱ ያጥፈዋል፣ እነሱ ይዘረጉታል። እትዬ ኩባያውን አስቀመጡት።

ካፒቴኑ ሬዲዮውን አነሳ።

«ሩሪ፣ ሁለተኛው ሰውህ የታለ?»

«ኢሽብል ባለፈው ቅዳሜ ልጆቹን ይዛ ጥርስ ሐኪም ጋ ወጥታለች።»

«ታዲያ ዛሬ ገመዱን የሚይዘው ማን ነው?»

«የሻረግ ናታ። ረቡዕ ትመጣለች ተባብለን።»

ካፒቴኑ ዞር ብሎ እትዬን አያቸው።

«ሩሪ» አለ ቀስ ብሎ፣ «የሻረግ እዚህ አጠገቤ ናት። ሻይ እየጠጣች።»

ከሩቅ ሩሪ ወደ ሰዉ ዞሮ የሆነ ነገር ሲናገር አየነው። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። አንሶላ የያዘችው ሴት አንሶላውን ለቃ አፏን ያዘች። ሠላሳ ሰው ተሰብስቦ፣ በመርከብ የምትመጣ ሴት መርከቧን መሬት ላይ ቆማ መቀበል እንደማትችል አንዱም አላሰበም።

«ነፋሱ እየዞረ ነው» አለ ካፒቴኑ። «ብዙ አልጠብቅም። ካልሆነ እንመለሳለን፤ እስከ ቅዳሜ መርከብ የለም።»

እትዬ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መልሰዋል። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁና፣ ይኸው አለቀሱ ብዬ፣ ተነስቼ ክንዳቸውን ነካሁ። ሲዞሩ እንባቸው ይወርዳል፤ የሚንፈቀፈቁት ግን በሳቅ ነው።

«ረሱኝ ብዬ ስንት ወር ስጨነቅ» አሉኝ በአማርኛ፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ። «መሄዴን ነው እኮ የረሱት።»

መርከብ ማቆሚያው ላይ አንድ ሽማግሌ ካፖርቱን አውልቆ ለአስተማሪው አስያዘ። ካለም ነበር። እትዬ ሬዲዮውን ከካፒቴኑ እጅ ወሰዱ።

«ካለም፣ ጉልበትህስ?»

«ገመድ የሚይዘው ጉልበቴ አይደለም» አለ በሩሪ ሬዲዮ።

ካፒቴኑ ጠጋ አለ። «ካለም፣ ሥልጠናውን አድሰሃል? ካላደስክ አልችልም።»

«በየዓመቱ ወስጃለሁ። ሾርባና ሳንድዊች ይሰጣሉ።»

ካፒቴኑ ሳቁን ውጦ መሪውን ያዘ። መርከቧ ተጠጋች። የመጀመሪያው ውርወራ አጠረና ገመዱ ውኃ ውስጥ ገባ። ሁለተኛው ካለም ደረት ላይ ወደቀ፤ በሁለት እጁ አቅፎ ያዘው። ሩሪ ሮጦ ደረሰለት፤ አብረው ሳቡ። ወፍራሙ ገመድ እያንጠባጠበ ከውኃው ወጣ፤ ካለም ጎንበስ ብሎ ጉቶው ላይ አጠለቀው፤ ቀና ለማለት ግን ጊዜ ወሰደበት። የእትዬን እጅ አየሁት። ቀኝ እጃቸው ተጨብጦ፣ ምንም ሳይይዝ፣ አብሮ ይስብ ነበር።

ስንወርድ ካለም ወገቡን ይዞ ቆሟል።

«ከእንግዲህ መርከብ ላይ ሆነሽ ተረኛ አትሁኚ» አላቸው።

«አንተስ ለሾርባ ብለህ መሠልጠንህን ማን ያውቅ ነበር?»

«ሾርባው ጥሩ ነው» አለ።

ቤታቸው ስንገባ ምድጃው ይነዳል፤ ጠረጴዛው ላይ እንቁላል፣ ዳቦ፣ በማሰሮ የተቀቀለ የበግ ሥጋ አለ። ማን እንዳስቀመጠው አልጠየቁም፤ እኔም መጠየቅ ተውኩ። ሰው ሳያንኳኳ ይገባል፤ ማኑሄን ከእጄ ይወስዳል፤ አንዱ ላንዱ እያቀበለው ይዞርና ጠግቦ ተኝቶ ይመለስልኛል። ከወለድኩ ወዲህ ሳልባንን የተኛሁት እዚያ ነው። እትዬ ማታ ለሩሪና ለካለም አንጓቸው ሙሉ በሙሉ እንዳልዳነ፣ ወፍራሙን ገመድ ገና መሳብ እንደማይችሉ ነገሯቸው። ይህንን ለመናገር ከለንደን ጀምሮ ሲዘጋጁ ነበር። ሩሪ ዳቦውን እያላመጠ፣ «ኢሽብል ትስባለች፣ አንቺ ታጠልቂያለሽ፣ እኔ አርፋለሁ» አለ። ወሬው ወደ በግ ዞረ።

ቅዳሜ እኔና ማኑሄ በመርከቧ ተመለስን። ኢሽብልና ልጆቿ ሲወርዱ እኛ ወጣን። ከላይ ሆኜ ሳይ፣ እትዬ የሻረግ ቢጫ ጃኬታቸውን ለብሰው ጉቶው አጠገብ ቆመዋል። ካፒቴኑ ምልክት ሲሰጥ ጎንበስ ብለው የገመዱን ቀለበት በሁለት እጃቸው አንስተው ለቀቁት። ከዚያ ያንን የተሰበረ እጃቸውን ወደ ላይ አነሱልኝ፤ ደሴቷ ትንሽ እስክትሆን ድረስ አላወረዱትም።

ሳሎናችን ባዶ ነው። ዳናዊት አሁንም ኮሪደሩ ላይ «ቡውው» ትላለች፤ ከሥራ ሲመለስ ገመዱን የሚቀልበው ልዑልቃል ነው። ዱቄቱ ገና አላለቀም። እሑድ እሑድ እኛም እንደውላለን፤ ስፒከር ላይ ሆኖ የማን በግ የት እንደገባ እንሰማለን። እኔ ደግሞ ስትሪትሃም ላይ ከባስ ስወርድ ለሾፌሩ እጄን አነሳለሁ። መጀመሪያ ግን ሁለቱንም እግሬን መሬት ላይ አድርጌ ነው።