ያልታጠበው አሸዋ

እውነቱን ልናገር፣ ደመቀች መጀመሪያ ታናድደኝ ነበር። ኒውላንድ በሚባል ሰፈር ባለ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ፤ ማንበብና መጻፍ የእኔ ሥራ ነው። እሷ ግን የሰባተኛ ክፍል ሳይንስ መምህርት ሆና ልጆቹን ስታስጽፍ ትውላለች። ምን አገባት እቴ! ሙከራ ይሠራሉ፤ በኑዌርኛም በአኙዋክኛም እንደ ልባቸው ያወሩበታል፤ ከዚያ በመጽሐፉ ቋንቋ፣ በእንግሊዝኛ፣ አሠራሩን ይጽፉታል። የጻፉትን ደግሞ ሙከራውን ያላየ ሰው አንብቦ መሥራት አለበት። ካልሠራለት እንደገና ይጻፋል። አቦቦ ወረዳ መጥተው ከሰፈሩ ገበሬዎች የተወለደች ናትና፣ አረም ላይ ምሕረት የላትም እያልኩ እቀልድባት ነበር።

ኛቦል በዓመቱ አጋማሽ ከገጠር መጣች፤ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ሰሌዳው ላይ ያለውን አሳምራ ትገለብጣለች፤ ምን ይላል ሲሏት ግን አታውቀውም። ርዕሰ መምህራችን አቶ ጀምስ ወደ አራተኛ ክፍል ትውረድ አሉ። ልጅቷም ከታናሽ ወንድሟ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ከምቀመጥ ቤቴ እቀራለሁ ብላ ቁርጡን ተናገረች። እንደምታደርገው ሁላችንም አውቀናል። ደመቀች ስንት ለምና አንድ ክፍለ ጊዜ ተሰጣት፤ አቶ ጀምስ ራሳቸው መጥተው ልጅቷ ማንበብ መቻሏን ሊያዩ።

ሙከራው የባሮ ወንዝን ድፍርስ ውሃ ማጥራት ነበር። ኛቦል እስከዚያ ቀን ድረስ ከደመቀች ጋር ስትጽፍና ስትደግም ከርማ፣ ይህንንም ቀድማ ሠርታ አሠራሩን ጽፋለች። አቶ ጀምስ ወረቀቱን አዩና ጓደኞቿ ጽፈውላት ይሆናል አሉ። ደመቀች አልተከራከረችም። ወረቀቱን ለእኔ ሰጥታ፣ የተጻፈውን ብቻ ሳልጨምር ሳልቀንስ እንድሠራ አዘዘችኝ። እንግሊዝኛዬ ቢያነክስም ያደርሰኛል። የፕላስቲክ ጠርሙሱን ታች ቆርጬ ገለበጥኩት፤ ጥጡን፣ ከሰሉን፣ አሸዋውን፣ ጠጠሩን በተራ ደረደርኩ። ውሃውን ጨመርኩ። የወጣው ከገባው የባሰ ጭቃ ነበር።

አቶ ጀምስ ከወንበራቸው ሊነሱ ነው። ልጅቷን በገዛ እጄ ያባረርኳት መሰለኝ።

ኛቦል መጥታ ውሃውን አየች፤ ከዚያ ወረቀቱን። ማንም ምንም አላላትም፤ ደመቀችም ከመስኮቱ አልተንቀሳቀሰችም። ልጅቷ ከንፈሯን እያነቃነቀች ከላይ እስከ ታች አነበበች። ደግማ አነበበች። ጣቷ አንድ መስመር ላይ ቆመ። እስክሪብቶ ተቀብላ ከመስመሩ በላይ የሆነ ነገር ጨመረችና መለሰችልኝ። አሸዋው ከመግባቱ በፊት ውሃው እስኪጠራ ድረስ ይታጠብ ይላል።

የሠራሁትን ደፍቼ፣ አሸዋውን አጥቤ፣ እንደ አዲስ ደረደርኩ። መጀመሪያ ጠብ ጠብ አለ፤ ከዚያ ቀጭን ክር ሆኖ ወረደ። ንጹሕ! ብርጭቆውን የያዘው የደመቀች ጣት በውሃው ውስጥ አልፎ ታየኝ። ኧረ ጉድ ነው! ይህን ሁሉ ዘመን ሳስተምር ማንበብ ሲፈስ በዓይኔ አይቼ አላውቅም።

አቶ ጀምስ ማን እንደነገራት ጠየቋት።

«እኔ ስሠራ አጥቤ ነበር» አለች ኛቦል፣ በተሰባበረ አማርኛ። «እዚህ ግን የለም። አነበብኩ፣ የለም።»

አቶ ጀምስ ወረቀቱን ተቀብለው ለራሳቸው አነበቡት። ከዚያ ወረቀቱን መለሱላት።

«ሂጂ፣ ቦታሽ ተቀመጪ።»

ቦታዋ እዚያው ሰባተኛ ክፍል ነበር፣ ሦስተኛው ዴስክ ላይ። ሄዳ ተቀመጠች።