የእትየ ይታይሽ ግማሽ ሹሩባ

ከሥራ መልስ የግቢውን በር ስከፍት የሳሙና ሽታ ተቀበለኝ። ቀና ብል የልብስ መስጫው ገመድ ከዳር እስከ ዳር ሞልቷል። ሁሉም የልጄ የቤዛ ልብስ ነው። የትምህርት ቤቱ ሹራብ አለ፤ ክረምት ካልሆነ የማትለብሰው ጃኬት አለ፤ ጉርድ ቀሚሶቿ፣ ለፋሲካ የተገዛላት ሸሚዝ፣ የውስጥ ልብሷ እንኳ ሳይቀር ተሰጥቷል። ከለበሰችው ቱታ በቀር ያላት ሁሉ ውኃ ገብቶ ወጥቷል። ልጄ ደግሞ ካልተጨቀጨቀች ካልሲዋን እንኳ የማታጥብ ናት።

«ምነው ቤዛ፣ ምን ተገኘ?» አልኋት።

«ቆሽሾ ነዋ፣ እማ።» ዓይኗን ከስልኳ አላነሳችም።

ሳፋው አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አልሁ። ሌላ እናት ብታየው ኖሮ ልጄ ሸጋ ሆነችልኝ ብላ ትመርቃት ነበር። እኔ ግን ልብሷን ሁሉ በአንድ ቀን ያጠበች ልጅ ልትሄድ እንደሆነ አውቃለሁ። ከማንም ሰምቼ አይደለም፤ በአሥራ አራት ዓመቴ እኔው ራሴ አድርጌዋለሁ።

ከጎረቤት ግቢ አንዲት ሴት ቤት ተከራይታ ከመጣች ሰንብታለች። ዘናጭ ናት። ቤዛን «እህቴ» ትላታለች፣ ጥፍሯን ቀለም ትቀባታለች። ልጆች በመተማ በኩል አድርጋ ዓረብ አገር ታሻግራለች ሲባል ውኃ ስቀዳ ሰምቼ ነበር። ሰምቼም የሌላ ሰው ልጅ ጉዳይ መስሎኝ እንስራዬን ይዤ ገባሁ። ባሌ ግንበኛ ነው፤ ያን ሰሞን ለሥራ ደባርቅ ወጥቷል። ተነሥቼ እስከ በሩ ሄድሁ፤ ተመለስሁ። ብጮህባት ዛሬውኑ ትሄዳለች። ልብሱን ብደብቅባት በቱታዋ ትሄዳለች። የሹራቧን እጅጌ ይዤ ቆምሁ፤ ውኃው ክንዴ ላይ ይንጠባጠባል። ሳሙናውን አሸተትሁት። አፍንጫዬ ላይ ግን የመጣው የእንዶድ ሽታ ነው፤ ከእንዶዱ ጋር እትየ ይታይሽ መጣች።

ያደግሁት ከደባርቅ ወደ ሽሬ በሚወርደው መንገድ ላይ፣ ድብ ባሕር ነው። የጭነት ማኪናዎች ከቁልቁለቱ ወርደው ፍሬናቸው እስኪበርድ መንገድ ዳር ይቆማሉ። የተቃጠለው ፍሬን፣ የወፍጮው ናፍጣና ትኩሱ ዱቄት ተቀላቅለው ቀኑን ሙሉ ይሸታሉ። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ግማሽ ጎኗ ቆርቆሮ፣ ግማሹ ጭራሮ የሆነች ዳስ ነበረች። እትየ ይታይሽ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ተቀምጣ የሴቱን ራስ ትሠራለች።

አጭር፣ ደልደል ያለች ሴት ናት፤ ጣቶቿ ግን ቀጫጭን ናቸው። እግሯን ከኮንጎ ጫማዋ አውጥታ ሣጥን ላይ ትቀመጣለች። በአንድ በኩል ቅቤ የያዘች ቅል፣ በሌላ በኩል ከእንጨት የተጠረበ ሚዶ አለ። ጸጉሩን የምትከፍልበት ወስፌ ሥራ ሲፈታ ሻሿ ላይ ይሰካል። የሬዲዮዋን ባትሪ ድንጋይ አውጥታ ፀሐይ ላይ ትደረድረዋለች፤ ሞቆ ሲመለስ ሬዲዮው ትንሽ ይዘፍንላታል፣ ከዚያ ይሞታል፣ እንደገና ታሰጣዋለች። ልብሷ ቅቤ ቅቤ፣ አሪቲ አሪቲ ይላል። ተራሽ ሲደርስ የፍየል ቆዳው ላይ ቁጭ ትያለሽ፤ ራስሽን በጉልበቶቿ መካከል ትይዝሻለች። ከዚያ በኋላ የሚታይሽ የወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ብቻ ነው።

«አንች ልጅ፣ ይህ ራስ ነው ወይስ የአባትሽ ክምር? ወስፌዬ መንገድ ጠፋት እኮ» ትላለች። ሴቱ ይስቃል።

እሷ ፊትሽን አታይም፤ አንችም ፊቷን አታዪም። ወፍጮው ይጮሃል፣ ሌላ ሰው አይሰማም። ለእናታችን የማንነግረውን ሁሉ ለዚያ ግድግዳ እንነግረው ነበር። ጡቷ ስለወጣ ያፈረች፣ ከእኅቷ ያነሰች የመሰላት፣ በጓደኞቿ የተገለለች፣ ሁሉም እዚያ ታወራለች። እትየ ይታይሽ አትመክርም፣ አትቆጣም። «እህ» ትላለች። ዝም ካልሽ ደግሞ «ከዚያስ?» ትልሻለች። የአንዷን ለሌላዋ ስታወራ የሰማ የለም።

በዚያ ዓመት እኔን ቤት አልበቃኝም። ስቀመጥ ያቃጥለኛል፣ ስቆም ያቃጥለኛል። እናቴ ስታየኝ ምን ታየኛለች ብዬ እቆጣለሁ፤ ሳታየኝም እቆጣለሁ። ከአራተኛ ክፍል አውጥተውኛል፤ አባቴ አያ ካሴ ደግሞ ለጋብቻ ሰው አናግሯል። ቤት ውስጥ ስለ እኔ ሁሉም ያወራል፤ ከእኔ ጋር የሚያወራ ግን የለም። በዚህ መካከል አንድ የጭነት ማኪና ረዳት ከረሜላ ሰጠኝ። ጥርሱ ነጭ ነው፣ ኮፍያ ያደርጋል።

«እንደ አንች ያለች ልጅ እዚህ አቧራ ውስጥ ምን ትሠራለች?» አለኝ።

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሲወርድ ክላክስ ሊያደርግልኝ፣ በአዲ አርቃይ በኩል አድርጎ ሽሬ ሊወስደኝ፣ ሆቴል ሊያስቀጥረኝ ተስማማን። ዓርብ ወንዝ ወረድሁና ያለኝን ጨርቅ ሁሉ በእንዶድ አጠብሁ። ቅዳሜ ጠዋት፣ ከተማ ስገባ እንዳያፍርብኝ ብዬ፣ ሹሩባ ልሠራ እትየ ይታይሽ ጉልበት ሥር ገባሁ።

ጸጉሬን ፈታች። ወደ ትከሻዬ ጎንበስ ብላ አሸተተችኝ።

«ምነው ይህን ያህል እንዶድ?»

«ለበዓል ነው፣ እትየ።»

«የምን በዓል?»

የተቀመጥሁበትን ቆዳ በጥፍሬ ቧጨርሁ።

«ሸጋ። እኔ የማላውቀው በዓል መጣ ማለት ነው» አለችና ሥራዋን ቀጠለች።

የቀኝ ራሴን እንዲያ አድርጋ ሠርታልኝ አታውቅም። ቀጭን ቀጭኑን፣ ዓይኔ እስኪሳብ አጥብቃ ጎነጎነችው። ልፍታው ብል ቀን የሚፈጅ ነው። ከዚያ ወደ ግራው ዞረች፤ በሚዶ አበጥራ አበጥራ እንደ ቁጥቋጦ አቆመችው። እጇን ጨርቅ ላይ ጠረገች።

«ጣቴ ደከመኝ። የቀረውን ነገ፣ ከቅዳሴ በኋላ።»

«እትየ! እንዲህ ሆኜ እንዴት አድርጌ ነው የምሄድ?»

«ወዴት?»

ነጠላዬን ፈለግሁ፣ ራሴን ሸፍኜ ልወጣ። ነጠላዬ ላይ ተቀምጣበታለች። «ቅቤ ነክቷታል፤ አጥቤ እሰጥሻለሁ» አለች። በእኛ አገር ግማሽ ራሷን ተሠርታ መንገድ ዳር የቆመች ልጅ እስክትዳር ድረስ ይሳቅባታል። ወፍጮ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ከዳሱ ፊት ለፊት ተሰልፏል። ረዳቱስ ቢያየኝ? ከሞት የከበደኝ እሱ ነው። ሌሎቹን ሴቶች እየሠራች እኔን ጥግ ላይ አስቀመጠችኝ።

ፀሐይ ዘንበል ሲል ክላክሱ ጮኸ። ደግሞ ጮኸ። ፊቴን ጉልበቴ ውስጥ ቀብሬ አለቀስሁ። እትየ ይታይሽ ተይ አላለችኝም። የሬዲዮዋን ድንጋይ ገለበጠች። ከዚያ ቆዳውን ስባ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ሁለታችንም ግድግዳውን እናያለን።

«የሚጠራው አንችን ነው?»

ራሴን ነቀነቅሁ።

«ስሙ ማነው?»

«ጌታቸው።»

«የማን ልጅ?»

«እንጃ።»

«አገሩስ?»

«እንጃ።»

«ከረሜላው ይጣፍጥ ነበር?»

እያለቀስሁ ሳቄ መጣ። «ይጣፍጥ ነበር።»

«ሸጋ። አዲ አርቃይን አለፋችሁ እንበል። ከዚያስ?»

ከዚያ ወዲያ ያለውን አስቤው አላውቅም ነበር። የማኪናው ድምፅ እየራቀ ሄደ፣ ወፍጮው ብቻ ቀረ። ያን ጊዜ ነው የአባቴን የጋብቻ ወሬ፣ ከትምህርት መውጣቴን፣ ሁሉንም አውጥቼ የነገርኋት።

በማግስቱ የቀረውን ራሴን ሠራችልኝና ይዛኝ ወደ ቤት መጣች። «አያ ካሴ፣ ይች ልጅ ጣት አላት። ሥራ ላስተምራት፤ ለመዳሩ አትቸኩል» አለችው።

አባቴ ተኮሳተረ። «ጣት የሌላት ሴት አለች?»

«አለች እንጂ። ያን ጋቢህን የፈተለችውን ጠይቃት።»

እናቴ ከጓዳ ሆና ስትስቅ አባቴም ሳይወድ ሳቀ። ጋብቻው በዚያው ቆየ። ስለ ማኪናው ግን እትየ ይታይሽ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። በሌላው ዓመት አንዲት የሰፈራችን ልጅ በዚያው ማኪና ሄደች። እሷ እትየ ይታይሽ ዘንድ አልመጣችም፤ ሻሽ አስራ ነው የወጣች። እናቷ መንገድ ዳር ተቀምጣ የሚቆመውን ማኪና ሁሉ ልጄን አያችሁ ወይ እያለች ስትጠይቅ እያየሁ ነው ያደግሁት።

ያች እናት ትዝ ስትለኝ የሹራቡን እጅጌ ለቀቅሁ። የቤዛ ጸጉር በካውያ የተተኮሰ ነው፣ ሚዶ አያውቅም። ግማሽ ሹሩባ ብሠራላት ፎቶ ተነሥታ ለጓደኞቿ ትልከው ይሆናል እንጂ አያስቀራትም። ያች ጎረቤታችንም በጥፍር ቀለም ብቻ አልነበረም ልጄን የያዘቻት። ትሰማታለች። እኔ ደክሞኝ ስገባ «በላሽ? አጠናሽ? ስልኩን ዝጊ» ነው የምላት። በዚህ ዕድሜ ልጅ የምትከተለው የሰማትን ነው፤ ረዳቱም፣ እትየ ይታይሽም፣ ያች ሴትም ይህን ያውቃሉ።

ገባሁና ብርድ ልብሴን ከአልጋው ገፍፌ የተረፈው የሳሙና ውኃ ውስጥ ነከርሁት።

«እማ፣ ንጹሕ እኮ ነው» አለች ቤዛ።

«ሸትቶኛል። ብቻዬን አልችለውም፣ ነይ ያዥልኝ።»

እያጉረመረመች መጣች። በአንዱ ጫፍ እሷ፣ በአንዱ እኔ ሆነን መጠምዘዝ ጀመርን። እጃችን ተይዟል፣ ዓይናችን ብርድ ልብሱ ላይ ነው። ስለ ረዳቱና ስለ ቆመው ጸጉሬ ነገርኋት።

«አንቺ? በከረሜላ?»

«በከረሜላ።»

«ቢያንስ ስልክ አትጠይቂውም ነበር?» አለችና እስኪያስላት ሳቀች። ከዚያ ጫፉን እንደገና ጠመዘዘች። ውኃው ይንጠባጠባል። «እማ፣» አለች ቀና ሳትል፣ «ነገ ጠዋት መተማ የሚሄድ ማኪና አለ ብላኛለች።»

ብርድ ልብሱን አጥብቄ ያዝሁ። «እህ» አልሁ።

ወሬው ፈሰሰ። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሲከፈት ወደ ኋላ ቀርታለች፤ ከትናንሾቹ ጋር መቀመጥ አሳፍሯታል። ጓደኞቿ አልፈዋት ሄደዋል። መምህሩ ሲጠይቃት አንደበቷ ይተሳሰራል፣ ልጆቹ ይስቁባታል። «እዚያ ስንተኛ ክፍል ነሽ የሚል የለም አለችኝ» አለች። ቀጥላም፣ ቀስ ብላ፣ «ፈርቻለሁ፣ እማ። እሺ ካልኋት በኋላ እምቢ ማለት አፈርሁ» አለች። ብርድ ልብሱ ሳፋው ውስጥ ወደቀ፤ በእርጥብ እጄ አቀፍኋት።

ለፖሊስ ልንገር፣ ለጎረቤት ልንገር ስል ልቤ አላረፈም። ለአባቷ ደወልሁ። ጠዋት ሥራ ቀረሁ። ያች ሴት በሩን አንኳክታ «ቤዛዬ፣ እህቴ» አለች። ቤዛ ራሷ ከፈተች፤ እኔ ከኋላዋ ቆምሁ።

«አልሄድም» አለቻት።

«ምነው? ተስማምተን አልነበር?»

«እናቴ ታውቃለች። አባቴም እየመጣ ነው።»

ሴትየዋ እኔን ቀና ብላ አየችኝ፣ ሻሿን አስተካከለች፣ ሄደች። ከሰዓት በኋላ ባሌ ከደባርቅ ደርሶ ከሰፈር ሽማግሌዎች ጋር ሊጠይቋት ቢሄዱ ቤቱ ባዶ ነው፤ ፍራሿን እንኳ ትታ ወጥታለች። ለፖሊስም አመለከትን።

እትየ ይታይሽ መሞቷን የሰማሁት ከተቀበረች በኋላ ነው። አልወለደችም። ዳሷ ፈርሳ ሱቅ ተሠርቶበታል አሉ። ለእኔ የተወችልኝ ያልሄድሁበትን ቀን ነው፤ ባሌንም ቤዛንም ያገኘሁት ከዚያ ቀን በኋላ ነው።

አሁን ይህን ስጽፍ ቤዛ ከውስጥ ሆና ሒሳብ ትሠራለች። ስትሳሳት ሒሳቡን ትሰድበዋለች፣ አባቷ ይስቃል። በሩን ዘግቻለሁ። ልጄ ቤት ናት። ደህና ነን።