ቴሪብል፣ ቬሪ ቴሪብል

አዲስ ብርድ ልብስ ከላስቲኩ ሲወጣ የሚሸተውን ሽታ ታውቂዋለሽ አይደል? ያን የናይለንና የካርቶን ሽታ። ትናንት መሳለሚያ አንድ ሱቅ በር ላይ ድንገት አፍንጫዬን ሞላውና ታክሲ መያዜን ትቼ እንደ ሞኝ ቆሜ ቀረሁ። የመርካቶ ነጋዴ ደግሞ የቆመ ሰው አያልፍም፤ «እህቴ፣ ግቢ፣ አደገኛ ዕቃ አለ!» አለኝ። ሳቄ መጣ። ሳቄን ተከትሎ አባቴ መጣብኝ።

አባቴ መርካቶ ውስጥ ብርድ ልብስ ይሸጥ ነበር። ደርግ ወድቆ፣ ንግዱ ፈታ ብሎ፣ የውጭ ዕቃ እንደ ጉድ የሚገባበት ጊዜ ነው። ሱቃችን ከወለል እስከ ጣሪያ ብርድ ልብስ ነበር፤ ከሁሉም የሚፈለገው ጥርሱን ያገጠጠ ነብር ያለበት ነው። ነብር ለብሶ መተኛት ምኑ እንደሚያስደስት እስከ ዛሬ አልገባኝም፣ ብቻ ሰው ይጋፋበት ነበር። አባቴ ደግሞ ማመስገኛ ቃሉ አንድ ብቻ ነበረች፦ «አደገኛ!» ብርድ ልብሱ አደገኛ፣ ምሳው አደገኛ፣ ዝናብ ሲያባራ የሚወጣው ፀሐይ አደገኛ። እኔም በፈተና ጥሩ ስሠራ «አደገኛ ልጅ!» ነበርኩ።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ክምሩ ላይ ወጥቼ፣ ጭንቅላቴ ጣሪያውን ሊነካ ምንም ሳይቀረው፣ ጮክ ብዬ አጠና ነበር። አማኑኤል አካባቢ እንግሊዝኛ በግል የሚያስተምረን ሰውዬ ነበር። ሰውዬውን ኑሮ አንገሽግሾት ነው መሰለኝ፣ ለጥሩ ነገር «ጉድ» ብሎ ያልፋል፤ ለመጥፎ ነገር ግን ቃል አያልቅበትም። ቴሪብል፣ ሆሪብል፣ አውፉል፣ ድሬድፉል! ሁሉም ዞሮ ዞሮ «እጅግ የከፋ» ማለት ነው። ከላይ ሆኜ ስለፈልፍ አባቴ ከታች ሲባጎ እየቆረጠ ይሰማኛል።

«ቴሪብል ምንድን ነው?» አለኝ አንድ ቀን።

መዝገበ ቃላቱን ገለጥኩና ሳላስብ፣ «አስፈሪ፣ አደገኛ» አልኩት።

«አደገኛ? በይው! ይቺንማ እይዛታለሁ» አለ። ሌሎቹንም እዚያው ጨምሮ ያዛቸው።

የአባቴ ታላቅ እህት፣ አክስቴ ማለት፣ የእኔን መማር አትወደውም ነበር። «ሴት ልጅ እንግሊዝኛ ለማን ታወራለች? ለነብሩ?» ትለው ነበር። ትምህርቱን ትቼ ሱቅ እንድቆም ነው ፍላጎቷ። አባቴን በልጅነቱ ያሳደገችው እሷ ናት፣ እምቢ ሊላት አይችልም። «አንድ ቀን እንግሊዝኛዋ ሲጠቅም ታያለሽ» ይላታል፤ ድምፁ ግን ከቀን ወደ ቀን እየቀነሰ ነበር። በመጨረሻ «ከረመዳን በኋላ እንወስናለን» ሲላት ሰማሁና ነብሩን ተከናንቤ አለቀስኩ።

ረመዳን ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ነው ፈረንጇ የመጣችው። ፀሐይ ያቀላት፣ ባለ ሰፊ ባርኔጣ ሴትዮ ነበረች። ለልጆች ማሳደጊያ ብርድ ልብስ ትፈልጋለች። አክስቴ በሩ አጠገብ የብርድ ልብስ ቦንዳ ላይ ተቀምጣለች። «በይ እስቲ፣ ፈረንጅሽ መጣችልሽ» አለችኝ። እኔ አፌን ሳልከፍት አባቴ ነብሩን ዘርግቶ ከፊቷ ቆመ።

«ቴሪብል!» አላት፣ በኩራት።

ፈረንጇ ጆሮዋን ተጠራጠረች።

«ቬሪ ቴሪብል! ብላንኬት ሆሪብል! ዩ ቴክ፣ ቺልድረን አውፉል!»

ሴትዮዋ እጇን ከነብሩ ላይ ቀስ ብላ አነሳች። ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደች። ወይ ጉዴ! አባቴን ላርመው? እህቱ ፊት ሊዋረድ ነው። ዝም ልበል? ፈረንጇ ልትወጣ ነው፣ እኔም ሱቅ ልቀር ነው። እንዴት እንደ ወጣልኝ እንጃ፣ በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛዬ፣ «በእኛ አገር በጣም ጥሩ ነገር አደገኛ ይባላል፤ አባቴ ማለት የፈለገው እሱን ነው፤ እባክሽን አትሳቂበት፣ እህቱ እያየችው ነው» አልኳት።

አክስቴን አየቻት። አባቴን አየችው። ከዚያ የነብሩን አፍንጫ ደባበሰችና፣ «ኦ! ቴሪብል! ቬሪ፣ ቬሪ ቴሪብል!» አለች። ክምሩን በሙሉ አሸክማ ወሰደችው፤ እኔም ማጥኛ ወንበሬን አጣሁ።

ደስታዬን ሳልጨርስ አክስቴ ከቦንዳው ላይ ተነሳች። «አንተ ራስህ አቀላጥፈኸው የለም እንዴ! እሷማ ስትንተባተብ ነበር። ታዲያ ምን ልሁን ብላ ነው የምትማረው?» አለችው። አይ እኔ! የአባቴን ገመና ስሸፍን ለራሴ ጉድጓድ ቆፈርኩ። እውነቱን ብናገር ይድናል ትምህርቴ፣ አባቴ ግን ያፍራል። ወለሉ ላይ የተበተነውን ሲባጎ መልቀም ጀመርኩ።

አባቴ የቀረውን ላስቲክ እያጣጠፈ፣ «እህቴ፣ እኔ ከታች ቆሜ ፍርፋሪዋን ለቅሜ እንዲህ ከተናገርኩ፣ ሙሉውን የበላችው የት ትደርሳለች?» አላት።

አክስቴ «ወላሂ፣ የአንተ አፍ!» ብላ ሻሿን አስተካክላ ወጣች። የትምህርቱ ነገር ዳግመኛ አልተነሳም።

ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ በሙሉ ቴሪብል ሆነ። ባለሱቁም ተሸካሚውም በፈረንጅ ፊት «ቴሪብል! ቴሪብል!» ይል ጀመር፤ ስንቱ ፈረንጅ ደንግጦ እንደ ተመለሰ አላህ ነው የሚያውቀው። የመምህርነት ዲፕሎማዬን ስቀበልም አባቴ አዳራሹ መሀል ተነስቶ «ቴሪብል!» ብሎ ጮኸልኝ፣ መድረክ ላይ የነበሩት አስተማሪዎቼ እርስ በርስ ተያዩ። እኔ እንግሊዝኛ አስተማሪ ሆኜ እንኳ አላረምኩትም። አባቱን ለማረም ማን ልብ አለው?

ባለፈው ክረምት ሆስፒታል ተኛ። በአማርኛ እንዴት ነህ ሲሉት «አልሐምዱሊላህ» ነው መልሱ። አንድ ቀን ወጣቱ ሐኪም በእንግሊዝኛ፣ «ሀው አር ዩ ፊሊንግ፣ አባባ?» አለው።

«ቴሪብል» አለ አባቴ።

ሐኪሙ ደነገጠ። እኔ እየሳቅሁ የነብሩን ታሪክ አጫወትኩትና፣ «በእኛ ቤት ደህና ነኝ ማለት ነው» አልኩት። እሱም ስቆ ሄደ። አባቴ ሐኪሙ እስኪርቅ ጠብቆ እጄን ያዘኝ።

«ልጄ፣ ዛሬስ የእኛን አይደለም፤ የፈረንጆቹን ነው ያልኩት።»

ክው አልኩ። «ታውቀው ነበር? ከመቼ ጀምሮ?»

«ሴትዮዋ እጇን ከነብሩ ላይ ስታነሳ ነዋ። ነጋዴ የገዢ ፊት ይጠፋዋል እንዴ? አንቺ ስትደብቂልኝ ደስ አለኝና ዝም አልኩ።»

ላለቅስ ይሁን ልስቅ አላወቅሁም። ኮሪደሩን በሩጫ አቋርጬ ሐኪሙ ላይ ደረስኩበትና በአማርኛ፣ ማንም በማይሳሳተው አማርኛ፣ «አባቴን አሞታል» አልኩት።