የጥልቁ ባሕር ጨዋታ

የቆርቆሮ መስኮት ሲቀረቀር የሚያሰማውን ሲጢጥታ በሰማሁ ቁጥር፣ ጋምቤላ ኒውላንድ ሰፈር የነበረው የልጅነት ቤታችን፣ ሙቀቱና የአባቴ ሹክሹክታ አብረው ይመጡብኛል።

አባቴ ከደጋ ተመድቦ የመጣ የባዮሎጂ መምህር ነበር። ባሕር አይቶ አያውቅም፤ ስለ ባሕር ግን አፉን ሞልቶ ያወራ ነበር። በበጋ፣ ባሮ ጎድሎ አሸዋው ሲወጣ፣ እኔንና የስድስት ዓመት ወንድሜን ናቲን ወንዙ ዳር ይዞን ወርዶ፣ እግራችንን ውኃ ውስጥ አስነክሮ፣ ፀሐይ በማይደርስበት ጥልቅ ባሕር ውስጥ እንስሳት እንዴት እንደሚኖሩ ይነግረን ነበር። ምግብ ስለማይገኝ ጉልበታቸውን አያባክኑም፣ ከላይ የሚወርደውን ፍርፋሪ ዝም ብለው ይጠብቃሉ፣ ገላቸው ለስላሳ ስለሆነ ያ ሁሉ ውኃ ቢጫናቸውም አይሰበሩም ይለን ነበር። ናቲ ከሁሉም የወደደው ግንባሯ ላይ መብራት ያላትን ዓሣ ነበር። ጎረቤታችን ዓሣ አጥማጁ ኡጁሉ፣ መረቡን እየጠገነ ያዳምጥና፣ «መምህር፣ እንደዚህ ያለ ዓሣ ባሮ ውስጥ የለም» እያለ ይስቅበት ነበር።

ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ ከተማው ውስጥ ተኩስ ተነሣ። አባቴ መስኮቱን ቀርቅሮ፣ ሁላችንንም መሬት ላይ አስተኝቶ፣ «ከአሁን ጀምሮ ጥልቁ ባሕር ውስጥ ነን፤ የማይንቀሳቀስ፣ የማይናገር፣ ትንሽ የሚበላ ያሸንፋል» አለን። እንዳንፈራ ብሎ ነው። በመጀመሪያው ቀን ናቲ ደጋግሞ ተሸነፈ፣ እኔም አሾፍኩበት። በማግስቱ ዝም አለ። በሦስተኛው ቀን እናቴ የሰጠችውን ደረቅ ዳቦ ሳይነካ ግድግዳውን ተጠግቶ ተኛ፤ ቀን ቢሆንም ቤቱ ጨለማ ስለነበር ዓይኖቹ ሲያበሩ አየሁ። ባለመብራቷን ዓሣ ሆነ ብዬ ቀናሁበት።

«ናቲ ምነው ዝም አለ?» አለች እናቴ።

«እያሸነፈ ነው» አልኳት እኔ።

አባቴ በእነዚያ ቀናት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብሎ፣ «ጎበዝ የኔ ልጅ» አለው። እናቴ እጇን ዘርግታ ዳሰሰችው፤ ነገር ግን በዚያ በታፈነ ቤት ሁላችንም በላብ ተጠምቀን ስለነበር የእሱን ትኩሳት ለብቻው አልለየችውም።

በአራተኛው ቀን ተኩሱ ጋብ ሲል ኡጁሉ በጓሮ አጥር ሾልኮ ደረቅ ዓሣ ይዞልን መጣ። ናቲን ሲያየው የያዘውን ጥሎ ግንባሩን ነካው።

«መምህር፣ ይሄ ልጅ ወባ ነው። ስንት ቀን ሆነ እንዲህ?»

ኡጁሉ ልጁን ተሸክሞ በዝናቡ ወደ ሆስፒታል ሮጠ፣ አባቴም በባዶ እግሩ ተከተለው። ከሰዓት በኋላ ተመለሱ። ናቲን አሁንም ኡጁሉ ነበር የታቀፈው፤ ፊቱ በአባቴ ሸሚዝ ተሸፍኖ ነበር።

ባሮ ጎድሎ አሸዋው እንደገና ሲወጣ ማናችንም አልወረድንም። አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ አስተማረ፤ ስለ ባሕር ግን ቤት ውስጥ አንዲት ቃል ወጥታው አታውቅም። «እያሸነፈ ነው» ያልኩት እኔ መሆኔንም ማንም አንሥቶብኝ አያውቅም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ዛሬ ናቲን የሚያክል ልጅ አለኝ። ያኔ በእኛ ቤት ዝም ያለ ልጅ ይመሰገን ነበር፤ አሁን በእኔ ቤት የሚጮኸውን አልቆጣም፤ ዝም ሲል ነው ሥራዬን ጥዬ ሄጄ ግንባሩን የምነካው።

«እማዬ ተይኝ፣ እየተጫወትኩ ነው» ይለኛል።

«አውቃለሁ» እለዋለሁ፤ እጄን ግን ቶሎ አላነሣም።