በብስክሌት የመጣ ሽምግልና

አራት ነበርን። ስም መጥራት አልወድም፤ ማን ምን እንደሆነ ግን ልናገር። አንደኛው እኔ ነኝ፤ ሮተርዳም ወደብ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት የምነዳ፣ ትምህርት ቤት ከስድስተኛ ክፍል በላይ ያልገፋሁ፣ የቀረውን ከሰፈር ቤተ መጻሕፍት የለቃቀምኩ ሰው። ሁለተኛዋ ባለቤቴ ናት፤ እዚያው ሮተርዳም ሻርሎይስ በሚባል ሰፈር ከቤት ቤት እየዞረች አቅመ ደካሞችን ታጥባለች፣ መድኃኒታቸውን ትሰጣለች። ሦስተኛዋ ልጃችን ናት፤ ዴልፍት ምህንድስና ትማራለች። አራተኛው ጋሼ ናቸው፤ የወሎ ሰው፣ ዘ ሄግ የሚኖሩ፣ ከትራም ሥራ በጡረታ የወጡ። እዚህ አገር ስገባ የመጀመሪያውን ክረምት ያሳለፍኩት እሳቸው ቤት ነው። ስኳር አለባቸው። ይህንን አስቀድሜ የምናገረው ሁላችንም እናውቅ ስለነበር ነው።

ነገሩ የተጀመረው ሰኞ ማታ ከራት በኋላ ነው። እኔና ልጄ በየማታው ጠረጴዛው ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠን እናነባለን። ፊደል ከለየች ጀምሮ እንዲሁ ነን፤ እሷ የትምህርቷን፣ እኔ ያገኘሁትን። የዚያን ዕለት መጽሐፏን አልከፈተችም።

«አባ፣ ዴልፍት ካመር አገኘሁ» አለችኝ። ክፍል ማለቷ ነው። እዚህ አገር ወንድና ሴት ተማሪዎች በጋራ በሚከራዩት ቤት አዲስ ገቢውን የሚመርጡት ነዋሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። ብዙ ሰው ጠርተው ያነጋግሩና አንዱን ይወስዳሉ። እሷን መርጠዋል፤ መልሷን የሚጠብቁት እስከ እሑድ ማታ ነው። «አንተ እሺ ሳትል መግባት አልፈልግም» አለች።

«ዴልፍት በባቡር ስንት ደቂቃ ነው?»

«ነጥቡ እሱ አይደለም።»

«ነጥቡ እሱ ነው። የአባቷ ቤት ያላት ልጅ ከማታውቃቸው ወንዶች ጋር ማድቤት አትጋራም። አልቋል።»

ልጅ ከቤት የሚወጣው የራሱን ትዳር ሊይዝ ነው ብዬ አምናለሁ። ዛሬም ይህን እምነቴን ሙሉ በሙሉ አልተውኩትም። የዚያን ዕለት ግን በእውነት አልቋል ብዬ ነበር።

በብስክሌት ቀስ እያልኩ አገር ማየት እወዳለሁ። ብስክሌት የተማርኩት እዚሁ፣ ጎልማሳ ሆኜ፣ ጎረቤት እየሳቀብኝ ነው። ስለዚህ ስነዳ አሁንም ምስጋና ይሰማኛል። በየበጋው አንድ ቅዳሜና እሑድ እንወጣለን። አንድ ጊዜ ከአምስተርዳም ኖርድ ተነስተን በውኃ የተከበቡትን የእንጨት ቤት መንደሮች ዞረናል። የዘንድሮው እንግሊዝ ነበር። መርከቡ ከሁክ ፋን ሆላንድ ማታ ይነሳና ጠዋት ሃርዊች ያደርሳል፤ ብስክሌትም ይጭናል። ልንሄድ ያሰብነው ሦስታችን ነበርን። ሐሙስ ዕለት ጋሼ ደወሉ።

«እኔም እመጣለሁ» አሉ።

«ጋሼ፣ እንግሊዝ እንደዚህ አገር ሜዳ አይደለም፤ ዳገት አለው።»

«አንተ ጉልበት አለህ፣ እኔ ባትሪ ያለው ብስክሌት አለኝ። ማን እንደሚቀድም እናያለን።»

መጠርጠር ነበረብኝ። አልጠረጠርኩም፤ ደስ ነው ያለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ሃርዊች ወርደን የአንድ ወንዝ ሸለቆ ይዘን ወደ ምዕራብ ነዳን። እዚያ የሚነዳው በግራ ነው። መንገዱ ጠባብ፣ ግራ ቀኙ ከሰው ቁመት በላይ በሆነ የቁጥቋጦ አጥር የታጠረ ነው። አጥሩ ክፍት በሆነበት ቦታ ሁሉ ስንዴ ይታያል፣ ከስንዴው ማዶ ከብት፣ ከከብቱ ማዶ የቤተ ክርስቲያን ግንብ። ቤቶቹ አርጅተው ጎብጠዋል፤ አንዱ አንዱን ደግፎ የቆመ ይመስላል። ማንም አላፈረሳቸውም። በአንዱ መንደር ቆመን የመቃብር ድንጋዮችን አነበብኩ። አንድ የቤተሰብ ስም እየተደጋገመ ይመጣል፤ አባት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ ሁሉም በአንድ ግቢ።

«ተመልከቺ» አልኳት ልጄን። «እነዚህ ሰዎች አልተበታተኑም።»

«አባ፣ ሞተው እኮ ነው አብረው ያሉት» አለችኝ። ጋሼ ከኋላ ሳቁ።

እኩለ ቀን ላይ ዴድሃም የሚባል መንደር ደረስን። ባለቤቴ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ ሳምቡሳ፣ ቅቅል እንቁላልና ቴምር ዘረጋች። ተቀመጥን። ጋሼ የብስክሌታቸውን መሪ ይዘው ቆመው ቀሩ።

«ይቀመጡ እንጂ፣ ጋሼ።»

«አልቀመጥም።»

ያኔ ገባኝ። በእኛ አገር ለሽምግልና የተላከ ሰው የመጣበት ጉዳይ ሳይፈጸምለት አይቀመጥም፣ የቤቱንም ውኃ አይቀምስም። ቆሞ ይለምናል። የሚለመነውም ሰው ሽማግሌው ቆሞ፣ ጾሙን ውሎ ሲያይ ያፍርና ይፈቅዳል። እኔም አገር ቤት ሳለሁ አባቴ ደጅ እንዲህ የቆሙትን ሽማግሌዎች አስታውሳለሁ።

«ልጅቷን ልቀቃት» አሉ ጋሼ። «ቆሜ ነው የምለምንህ።»

ወደ ልጄ ዞርኩ። «አንቺ ነሽ የላክሻቸው?»

«ሁልጊዜ በደንቡ ጠይቂ ትለኝ የለ? ይኸው በደንቡ።» አባቷን አንተ እያለች ያደገች ልጅ የአያቶቿን መንገድ ፈልጋ ይዛብኝ መጣች። ኮራሁባት፤ ተናደድኩባትም።

«ቤት ስንገባ እንነጋገራለን» አልኩ።

«ቤት ስትገባ እሑድ ያልፋል። እሺ ካላልከኝ ውኃህን አልቀምስም።»

ባለቤቴ ተነሳች። «ጋሼ፣ ጠዋት የስኳር መርፌዎን ተወግተዋል?»

«እሱን ለአላህ ተይው።»

«ይህ ለአላህ የሚተው አይደለም። ተወግተው ካልበሉ ይወድቃሉ። አንዲት ቴምር ብቻ።»

«አንቺ ልጅ፣ እየበላ የሚለምን ሽማግሌ የት አይተሻል?»

ልጄ ደነገጠች። «ጋሼ ብላ በቃ፣ እኔ ትቼዋለሁ» አለች፤ ያኔ እንደ እኔው እሳቸውንም አንተ ነበር የምትላቸው።

«አንቺ ልትተዪው አትችዪም። ከላክሽኝ ወዲህ ጉዳዩ የእኔ ነው።»

ባለቤቴ ወደ እኔ ዞራ «ሁለት በቅሎ!» አለችን፤ ምግቡንም መልሳ ጠቀለለችው። ማንም አልበላም።

እንግዲህ ያ ደንብ የተሠራው ለግቢ ነው፤ ጥላ ሥር፣ ለአንድ ለሁለት ሰዓት። ዳገት እየወጡ ይፈጸማል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ሁለታችንም ግን ደንቡን እናከብር ነበርና ወደ ብስክሌታችን ወጣን። እኔ እስከሚቀጥለው መንደር ይበላሉ አልኩ። እሳቸው እስከሚቀጥለው መንደር እሺ ይለኛል ብለው እንደነበር በኋላ ነገሩኝ።

ከመንደሩ ወጥተን አንድ ዳገት ጨረስን። እኔ ፊት ነበርኩ፤ ጋሼ ከኋላዬ፣ ባለቤቴ ከአጠገባቸው ሳትለይ። የመኪና ጥሩምባ ሰምቼ ስዞር ጋሼ የመንገዱን ቀኝ ይዘዋል። እንግሊዝ መሆናችንን የረሱ መሰለኝ። ባለቤቴ ግን «ያዟቸው!» ብላ ጮኸች። መኪናው ቆመላቸው፤ እሳቸው ብስክሌቱን አጥሩ ውስጥ ወሽቀው ቀስ ብለው ወደ ጎን ወደቁ።

ስደርስ ሸሚዛቸው በላብ ርሷል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። «ትራሙ አለፈ?» አሉኝ። ልጄ በስልክ አምቡላንስ ጠራች። ባለቤቴ የፖም ጭማቂ ከፍታ ወደ አፋቸው አስጠጋች። ጥርሳቸውን ገጠሙ። የት እንዳሉ የማያውቁት ሰው ያንን አልረሱም።

«እሺ በለኝ» አሉ።

«እሺ፣ ጋሼ። ትሂድ። ሰጥቻለሁ።»

«ወላሂ በል።»

«ወላሂ።»

ጠጡ። መኪናዋን ያቆመችው ሴት ካጠገቡ ካለው ቤት የማድቤት ወንበር ይዛ መጣች። ጋሼ በዚያ ወንበር ላይ፣ በመንገዱ ዳር፣ ተቀመጡ። ልጄ እግራቸው ሥር ሆና ታለቅስ ነበር። እኔ የብስክሌታቸውን የተጣመመ ጎማ አቃና ነበር፤ የሚቃና አልነበረም።

የአምቡላንሱ ሰዎች ስኳራቸውን ለኩ፣ ሲያገግሙ ጠብቀው አዩ፣ ጉዞው እዚህ ይቁም አሉ። ብስክሌቶቻችንን የሚጭን ታክሲ ተከራይተን ወደ ሃርዊች ተመለስን፤ በዚያው ማታ ተሳፈርን። እስከ መርከቡ ድረስ ባለቤቴ ከእኔ ጋር አልተነጋገረችም።

እሑድ ጠዋት የወደቡ ክሬኖች ከጭጋጉ ሲወጡ አራታችንም የመርከቡ ወለል ላይ ነበርን። ጋሼ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል።

«አንድ ነገር ልንገርህ» አሉኝ። «ከዳገቱ በኋላ የሆነውን አላስታውስም። እሺ ብሏል ይሉኛል። እኔ ግን አልሰማሁህም። ሞት እየታየ የተሰጠ ቃል ደግሞ የግድ ቃል ነው። ከፈለግህ መልሰው፤ አልቀየምህም።»

ልጄ ውኃውን ታያለች እንጂ ወደ እኔ አልዞረችም። መንገዱ ክፍት ነበር። ወንዶቹን፣ የጋራ ማድቤቱን፣ መስጊድ የሚወራውን ሁሉ አንድ በአንድ አሰብኩ፤ እነዚህ ሁሉ እውነተኛ ምክንያቶች ናቸው። ከሁሉም ሥር የነበረው ግን የጠረጴዛው ነገር ነው። ማታ ከፊት ለፊቴ ሰው እንዳይጠፋብኝ ነበር። ይህ ደግሞ የአባት ምክንያት ይሁን እንጂ ልጅን የማሰሪያ ምክንያት አይደለም።

«ጋሼ፣ ተቀምጠዋል?» አልኳቸው።

«ተቀምጫለሁ።»

«በልተዋል?»

«ሚስትህ አስጨንቃ አብልታኛለች።»

«እንግዲያው አሁን፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ሰጥቻለሁ።»

ልጄ ስልኳን አውጥታ ለእናቷ አቀበለቻት። ለዴልፍቶቹ መልሱን እናቷ ጻፈችላት።

ያ ጉዞ ያስከፈለንን አስቤዋለሁ። ጋሼ ብስክሌታቸውን ሸጡ፤ ዛሬ ዘ ሄግ ውስጥ በእግራቸውና በትራም ነው የሚሄዱት። ባለቤቴ ከዚያ ወዲህ ቴምር ሳትይዝ ከቤት አትወጣም፤ ሽምግልና ሲነሳም ፊቷ ይጠቁራል። ልጄ ዓርብ ዓርብ ትመጣለች፤ አባቷን አሁንም አንተ ትላለች፣ ጋሼን ግን እርስዎ ማለት ጀምራለች። እኔ ማታ ብቻዬን አነባለሁ። በገንዘብ ደግሞ ቲኬቱ፣ ታክሲውና ጎማው ተደምሮ ለአራታችን ስድስት መቶ ሰባ ዩሮ።