የሚያለቅሰው አውሬ ጠበቃ

ሀብተ ማርያምን ለማናደድ ብዙ መድከም አያስፈልግም ነበር። «ጋሽ ሀብቴ፣ የድሮው አውሬ ይሻላል» ማለት ብቻ ይበቃል። ያኔ የያዘውን ሁሉ ጥሎ ክርክር ይገጥማል። ስለ ሃይማኖትና ስለ ፖለቲካ ሲወራ ሹልክ ብሎ የሚወጣ ሰው፣ ነገሩ ስለዚያ የአውሬ ፊልም ከሆነ ግን ወይ ፍንክች። የጂንካ ከተማም ይህን ስለምታውቅ ትነካካው ነበር።

እንጀራው ፊልም ማሳየት ነው። በዘጠና ስድስት ዓመተ ምሕረት ገደማ ከገበያው ዝቅ ብሎ፣ ዙሪያዋን በቆርቆሮ የተመታች ቪዲዮ ቤት ነበረችው። ጄነሬተሩን ያስነሳና ከቴሌቪዥኑ ጎን ማይክ ይዞ ይቀመጣል። ፈረንጆቹ የሚሉትን ባማርኛ ይተረጉማል፤ ያልገባውን ደግሞ ከራሱ ይጨምርበታል። ምላሱ ጤፍ ይቆላል። ለቅዳሜ ገበያ ከካኮ የመጣው የአሪ ገበሬም፣ ከጎጃም ተመድቦ የመጣው መምህርም እሱ ሲናገር እኩል ይስቃሉ። ዝምታ ወርቅ ነው የሚባለው ቪዲዮ ቤት ውስጥ አይሠራም፤ ተርጓሚ ትንሽ ዝም ካለ ተመልካቹ ማጉረምረም ይጀምራል።

የድሮው ፊልም ጥቁርና ነጭ ነው። ከሐይቅ የወጣ አውሬ ከተማውን ያምሳል፣ በመጨረሻ በመድፍ ይመታል፣ ቤቱ በጭብጨባ ይናጋል። ሰው ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። አንድ ቀን ያው ታሪክ ፈረንጆቹ እንደገና በቀለም የሠሩት ፊልም ሆኖ በአርባ ምንጭ በኩል መጣ። በዚህኛው አውሬው ይቆስላል እንጂ ወዲያው አይሞትም። ሐይቁ ዳር ወድቆ ያቃስታል፤ አንዲት ሴት መጥታ አጠገቡ ትቀመጣለች። አታወራውም። እሱ ያለቅሳል፣ እሷ ትሰማለች፤ እንዲሁ እንዳሉ ፊልሙ ያልቃል።

ፊልሙ የመጣው የሀብተ ማርያም ሚስት አሰገደች በታመመችበት ዓመት ነው። አሰገደች ገበያ ውስጥ ቅመም የምትሸጥ፣ ሳቋ ከሩቅ የሚለይ ሴት ነበረች። አንድ ጠዋት ደጃፏ ላይ ወደቀች። ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ አለ፣ ፊቷ ተጣመመ፣ አንደበቷ ተያዘ። ከዚያ ወዲህ ከጉሮሮዋ የሚወጣው አንድ ሻካራ ድምፅ ብቻ ሆነ። የጎረቤት ልጆች ሲሰሙት ይሸሹ ነበር።

ጠያቂ ሲመጣ ሀብተ ማርያም የለመደውን አደረገ፤ ተረጎመ። ያን ድምፅ ስታሰማ «ደህና ነኝ ትላለች» ይላል። ስትደግም «እግዜር ይስጥልኝ፣ ተሽሎኛል ነው የምትለው» ይላል። ጠያቂው ልቡ ቀሎት ይሄዳል። እሷ በደህናው እጇ አልጋውን ስትደበድብ ይህንንም «ተጫወቱ ማለቷ ነው» ብሎ ይተረጉመዋል። ክፋት ኖሮበት አይደለም፤ አፉ ሥራ መፍታት አያውቅም።

ተርጓሚ ፊልሙን ለሰው ከማሳየቱ በፊት ብቻውን ያየዋል። ሀብተ ማርያምም በሩን ዘግቶ አዲሱን ፊልም ሲያይ፣ ሐይቁ ዳር ሲደርስ ለአውሬው የሚሰጠው ቃል ፈለገ። «ማሩኝ» ያሰኘው ይሆን? «እበላችኋለሁ» ያሰኘው ይሆን? ሁሉም ውሸት ሆነበት። ሴትዮዋን አያት፤ ምንም አትልም። ማጫወቻውን አጥፍቶ ወደ ቤቱ ሄደ።

አሰገደች አጠገብ ተቀመጠ። ያን ሻካራ ድምፅ አሰማች። አልተረጎመም፤ ውሃም አላቀረበ፣ ትራስም አላስተካከለ። ደግማ አሰማች። ዝም ብሎ አያት። ያን ጊዜ በደህናው እጇ ኮቱን ጨምድዳ ያዘችና ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ለካ ደህና አልነበረችም። ሞትን ፈርታለች፤ ፈርቻለሁ ስትል የሚሰማት አጥታ ያን ሁሉ ወር ብቻዋን ከርማለች። ሀብተ ማርያምም አብሯት አለቀሰ። ከዚያ ወዲያ ጠያቂ ሲመጣ «እሷን ስሟት» ብሎ ዝም ይላል። ጠያቂውም እየቀነሰ ሄደ።

ቅዳሜ ፊልሙን አሳየ። ሐይቁ ዳር ሲደርስ ማይኩን ጉልበቱ ላይ አኖረ።

«ማይኩ ተቃጠለ እንዴ?» አለ አንዱ።

«ተርጉም እንጂ፣ ጋሼ!» አለ ሌላው።

አውሬው ሲያለቅስ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሀብተ ማርያም ማይኩን አላነሳም። ሰዉ እያጉረመረመ ሲወጣ፣ የዘወትር ደንበኛው መምህር እውነቱ በር ላይ ቀረ።

«ጋሽ ሀብቴ፣ ምን ነካዎት? የድሮው አውሬ ቢያንስ ያስፈራል። ይሄ ነፍሱ እስክትወጣ ማላዘን ብቻ! ቶሎ ቢገላግሉት ምን ነበረበት?»

«መምህር፣ የድሮውን ስንት ጊዜ አየኸው?»

«ኧረ ስፍር ቁጥር የለውም።»

«አውሬው ምን ፈልጎ ከሐይቁ እንደወጣ ታውቃለህ?»

«አውሬ ደግሞ ምን ይፈልጋል?»

«አየህ! የድሮው ገደለልህ እንጂ አላሰማህም። ይሄኛው ቁጭ ብለህ ስማው ነው የሚልህ። ለዚህ ነው የሚበልጠው።»

መምህሩ ሳቀና ሄደ። ሀብተ ማርያም ግን ፊልሙን በየቅዳሜው ደጋገመው፤ ደንበኛው ወደ ሌላ ቪዲዮ ቤት ዞረ፣ አግዳሚዎቹ ባዶ ቀሩ። ሰው «የሚስቱ ሕመም አናወዘው» አለ። እሱ ያን ፊልም ሲሰድቡበት የተሰደበችው አሰገደች ትመስለው ነበር፤ ይህን ግን ለማንም አልተናገረም።

ሐምሌ ላይ አሰገደች ሞተች። ድንኳን ተጣለ፣ ዝናቡ ሸራውን እየደበደበ ለቀስተኛ ገባ። መምህር እውነቱም ከባልደረቦቹ ጋር መጥቶ ከጎኑ ተቀመጠ።

«እግዜር ያጽናዎት፣ ጋሽ ሀብቴ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እንግዲህ ምን ይደረጋል፤ እሷም ከስቃይዋ ተገላገለች።»

«እውነት ነው፣ አረፈች» አሉ በዙሪያው የተቀመጡት። «ለእሷ ይሄው ይሻላታል።»

ሀብተ ማርያም ካቀረቀረበት ቀና አለ። ዓይኑ ደም መስሏል።

«ማን ነገራችሁ?» አለ። «እኔ አጠገቧ ነበርኩ፤ ትንፋሿ እስኪቆረጥ እጄን አለቀቀችም። መኖር ነበር የፈለገችው።»