የገመቹ ስም በሞንታርቦ የተጠራ ዕለት

ማይክራፎን ሲከፈት የሚያወጣውን ያንን ጆሮ የሚወጋ ጩኸት ስሰማ ዛሬም ፈገግ እላለሁ። ሰው ሁሉ ጆሮውን ሲይዝ እኔ አዳማ ወዳለው የልጅነት ትምህርት ቤታችን እመለሳለሁ። የጠዋቱ ሰልፍ፣ ነፋስ የሚያነሳው አቧራ፣ ከግንቡ ማዶ የሚያልፈው የጋሪ ፈረስ ሽታ፣ ከሰንደቅ ዓላማው አጠገብ የተሰቀለው አሮጌ የሞንታርቦ ድምፅ ማጉያ፣ ሁሉም አንድ ላይ ይመጡብኛል።

ስሜ ትዕግስት ነው፤ ስሙ ሲወጣልኝ ግን ጠባዬን ያየ ሰው አልነበረም። ልጅ ሆኜ አፌ ከእግሬ ይቀድም ነበር። እናቴ ጎረቤት መልእክት ስትልከኝ፣ ባለቤቲቱ በሩን ከፍታ ሳትጨርስ እኔ ግማሹን ተናግሬ እገኛለሁ። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ልጄ፣ ቀስ በይ» ትለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ቀስ ካልኩ ነገሩ የሚጠፋብኝ ይመስለኝ ነበር።

ስድስተኛ ክፍል ስደርስ የሚኒ ሚዲያ ክበብ ገባሁ። የዘመኔ ሰዎች ታውቁታላችሁ፤ በእረፍት ሰዓት ቀልድና ግጥም የሚያነቡት ልጆች እንደ ዘፋኝ ነበር የሚታዩት። የመጀመሪያ ቀን ዜናዬን ያነበብኩት ውሻ እንደሚያባርረው ሰው ነው። ስጨርስ ሜዳው በሳቅ ተሞላ። ከዚያ በኋላ ልጆቹ ባዩኝ ቁጥር «ድርርርር፣ ዜናው ይኸው ነበር» እያሉ ይቀልዱብኝ ጀመር።

የክበቡ ኃላፊ የአማርኛ አስተማሪያችን ጋሽ ተሾመ ነበሩ። አልተቆጡኝም። በማግስቱ ጠዋት እጄን ይዘው ወደ ሰልፉ መጨረሻ፣ ትንንሾቹ ልጆች ወደሚቆሙበት ወሰዱኝ። የእኔን ዜና ጓደኛዬ ጫልቱ እንድታነበው አደረጉ። የጫልቱ ቤተሰቦች ቤት ውስጥ የሚያወሩት በኦሮምኛ ስለሆነ የኦሮምኛውን ዜና የምታቀርበው እሷ ነበረች፤ አማርኛዋም ቢሆን እንደ ውሃ የጠራ ነው።

«ከዚህ ሆነሽ ምን ሰማሽ?» አሉኝ።

«ሁሉንም።»

«ትናንት እነዚህ ልጆች ካንቺ የሰሙት ነገር የለም። ከመጀመርሽ በፊት ከሁሉም ርቆ የቆመውን ሰው ፈልጊ። ለእሱ ተናገሪ።»

ከትምህርት ስንመለስ በእነጫልቱ ግቢ፣ ፓፓያው ሥር፣ ባዶ ጣሳ እንደ ማይክ ይዘን መለማመድ ጀመርን። አንዳችን ስናነብ ሌላችን አጥሩ ጥግ ቆመን ያልገባን ነገር ሲኖር እጅ እናነሳለን። መጀመሪያ ሰሞን የጫልቱ እጅ አይወርድም ነበር። እየሳቅን፣ በመሃል ፓፓያ እየበላን፣ ሳላውቀው ቃሎቼ ተራ መጠበቅ ተማሩ።

የወላጆች ቀን ደረሰ። ከከተማውም ከዙሪያው ገጠርም የመጣ ሰው ግቢውን ሞላው። በር ላይ ሸንኮራ ሻጮች ጋሪያቸውን አቁመዋል፤ ከበሩ ወጣ ሲባል ደግሞ ከባድ መኪና የሚተላለፍበት አስፋልት ነው። ጋሽ ተሾመ ከእንግዶቹ ጋር ሽልማት ሲያዘጋጁ እኔና ጫልቱ መድረኩን ይዘን ነበር። በዚያ መሃል አንዲት እናት ነጠላቸው ከትከሻቸው ወድቆ፣ በኦሮምኛ እየተጣሩ ወደ እኛ መጡ። የሚሉትን ሁሉ አልያዝኩትም፤ ፊታቸው ግን በቂ ነበር።

ጫልቱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ልጃቸው ጠፍቷል» አለችኝ።

ምላሴ ላይ የመጣው «ልጅ ጠፋ» የሚለው ጩኸት ነው። አፌን ከፍቼ ወደ በሩ ተመለከትኩ። ይህን ብል ወላጅ ሁሉ የየራሱን ልጅ ፍለጋ እንደሚሯሯጥ፣ ሩጫውም ወደዚያ አስፋልት እንደሚገፋ ታየኝ። ማይኩን ዝቅ አደረግኩና ጫልቱን «ስሙን ጠይቂያቸው። የለበሰውንም» አልኳት። ገመቹ ይባላል፤ ቢጫ ሹራብ ለብሷል። በር ላይ፣ ከሁሉም ርቀው የቆሙ ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ አየሁና ለእሳቸው ተናገርኩ።

«እናቶችና አባቶች፣ እንደምን ዋላችሁ። እባካችሁ ሁላችሁም ባላችሁበት ቁሙልን። ገመቹ የሚባለውን ቢጫ ሹራብ የለበሰ ትንሽ ልጅ እናቱ እዚህ መድረኩ ጋ እየጠበቁት ነው። ጎናችሁን ተመልከቱልን። በሩ አጠገብ ያላችሁ አባቶች፣ በሩን ዝጉልን።»

ጫልቱ ተቀብላ «አካም ኦልተኒ» ብላ ሰላምታ ሰጠችና በኦሮምኛ ደገመችው። ማንም አልሮጠም። ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ወደ ጎኑ ጎንበስ ሲል አየሁ። ሽማግሌው በሩን ገፋ አድርገው ዘጉት፤ ከዚያ አጠገባቸው ከቆመው ጋሪ ሥር ጎንበስ ብለው አንድ ቢጫ ነገር ጎትተው አወጡ። ገመቹ ሸንኮራውን በሁለት እጁ ይዞ እያኘከ ነበር።

በሰው ትከሻ ላይ ተጭኖ መድረክ ሲደርስ ጫልቱ ማይኩን አስጠጋችለት። ግቢው ሁሉ ጸጥ አለ። ልጁ ትንሽ አሰበና በኦሮምኛ «ሌላ አለ?» አለ። ያን ቀን የተሳቀውን ሳቅ እስካሁን ሌላ ቦታ አልሰማሁም። እናቱ እያለቀሱም እየሳቁም ግንባራችንን ሳሙን፤ ለእኔ ያሉኝን ጫልቱ ተረጎመችልኝ። «ድምፅሽ ሲረጋ እኔም እግሬ ረጋልኝ» ነው ያሉት። ቤት ስገባ እናቴ ወሬውን ቀድማ ሰምታለች፤ ታሪኩን እንደገና ከመጀመሪያው ጀምሬ ስነግራት አንዴም «ቀስ በይ» አላለችኝም።

ዛሬ ሥራዬ ሞጆ ደረቅ ወደብ አካባቢ ባለ የጭነት አስተላላፊ ቢሮ ነው። ቀኑን ሙሉ ከሾፌሮች፣ ከጉምሩክ ሰዎችና ከዕቃ ባለቤቶች ጋር እነጋገራለሁ፤ አብዛኛውን በቴሌግራም። መልእክቱ በአንድ ጊዜ ለሁሉም ይደርሳል፣ ተነበበ የሚል ምልክትም ይመጣል። ፊት ግን አይታይም። ያኔ አንድ ሜዳ ሰው አብሮ ዝም ሲል፣ አብሮ ሲስቅ አይ ነበር፤ ይህን ስልኬ ውስጥ አላገኘውም፤ ይናፍቀኛል።

በቀደም ዕቃ የሚወጣበት ሰዓት ሲራዘም፣ የሾፌሮቹ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ መጻፍ ጀመርኩና ተውኩት። በዚያ የሞጆ ፀሐይ መኪኖቹ ወደቆሙበት ወረድኩ። ሾፌሮቹ የአንዱን መኪና ጥላ ይዘው ተቀምጠዋል። ዜናው መልካም እንዳልሆነ ከፊቴ ገብቷቸዋል መሰለኝ፣ በዕድሜ ትልቁ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝና የፕላስቲክ የውሃ ጠርሙሳቸውን ዘረጉልኝ።

«ነይ ቁጭ በይ ልጄ» አሉኝ። «መጀመሪያ ጠጪ፣ ከዚያ ትነግሪናለሽ።»

ቁጭ ብዬ ጠጣሁ፤ ከዚያ ነገርኳቸው።